ሽምግልና በአዲስ መሣሪያ ዘመን

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።

ዛሬ የምንነጋገረው ስለ ሽምግልናና በየዘመኑ ስለሚመጣው አዲስ መሣሪያ ነው። ነገሩን ከቅዱሳት መጻሕፍት ብቻ ሳይሆን ከታሪክም እንመለከተዋለን፤ ታሪኩንም ከቅርባችን፥ ከሐዋሳ ከተማ እንጀምራለን።

አክሱምን ወይም ላሊበላን ያየ ሰው የከተማው ድንጋይ ከሰው ዕድሜ እጅግ እንደሚበልጥ ያውቃል። በዚያ ሽማግሌው ሁሉ ለከተማው ልጅ ነው። በሐዋሳ ግን ነገሩ የተገለበጠ ነው። ከአዲስ አበባ ወደ ደቡብ 275 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፥ በሐይቋ ዳርና በታቦር ተራራ አጠገብ የተቀመጠችው ይህች ከተማ የተቆረቆረችው በ1952 ዓ.ም. ነው። ከዚያ አስቀድሞ የሲዳሞ ጠቅላይ ግዛት መቀመጫ ይርጋ ዓለም ነበረች፤ የሐይቁ ዳርቻም የሲዳማ ሕዝብ ከብቱን የሚያሰማራበት መስክ ነበረ። እንግዲህ በ1940 ዓ.ም. የተወለደ ሰው ከሐዋሳ ከተማ በ12 ዓመት ይበልጣል ማለት ነው።

ይህ ሰው በአንድ ዕድሜ ያየውን እናስብ። ከተማይቱ በተቆረቆረችበት በዚያው ዓመት የቆቃ የውኃ ኀይል ማመንጫ ሥራ ጀመረ። በ1957 ዓ.ም. ቴሌቪዥን በአዲስ አበባ ታየ። በ1989 ዓ.ም. ኢንተርኔት፥ በ1991 ዓ.ም. ደግሞ ተንቀሳቃሽ ስልክ ወደ አገራችን ገባ። በ2008 ዓ.ም. ሐምሌ በሐዋሳ የኢንዱስትሪ ፓርክ ተመረቀ፤ ከየገጠሩ የመጡ ብዙ ወጣቶችም በዚያ ሥራ ያዙ። በ2013 ዓ.ም. ግንቦት ቴሌብር የሚባለው በስልክ ገንዘብ ማስተላለፊያ አገልግሎት ተጀመረ። በኩራዝ ብርሃን ዳዊት የደገመው ልጅ፥ ዛሬ ሸምግሎ፥ ገንዘቡን በመዳፉ ላይ በምትበራ ትንሽ መስተዋት ውስጥ እንዲፈልግ ይነገረዋል። አባቱና አያቱ በአንድ ዓይነት ሞፈር አርሰው፥ በአንድ ዓይነት መብራት አምሽተው አልፈዋል፤ እርሱ ግን በየአሥሩ ዓመት እንደ አዲስ ተማሪ እንዲሆን ተጠየቀ።

ከጥቂት ጊዜ በፊት በሐዋሳ ቅዱስ ገብርኤል ቤተ ክርስቲያን፥ ከቅዳሴ በኋላ፥ አንዲት አረጋዊት እናት በዛፍ ጥላ ሥር ተቀምጠው ነበር። ስልካቸውን ለማያውቁት ወጣት ዘርግተው፥ «ልጄ፥ ዐይኔ ደክሟል፤ የመጣልኝን መልእክት አንብብልኝ» አሉት። ልጁም አነበበላቸው፤ ልጃቸው ገንዘብ ልካላቸው ኖሯል። መርቀው አሰናበቱት። እኔም ቀርቤ፥ «እማማ፥ ለማያውቁት ሰው ስልክዎን ሲሰጡ አይፈሩም? ቢወስድብዎትስ?» አልኳቸው። «አባቴ፥ መውሰዱንስ እግዚአብሔር ያየዋል፤ እኔ የምፈራው እንዳይስቅብኝ ነው» አሉኝ።

ይህ ቃል የነገሩን ሥር ገለጠልኝ። ሽማግሌን ከአዲስ መሣሪያ የሚለየው የእጁ መንቀጥቀጥና የዐይኑ መፍዘዝ ብቻ አይደለም፤ ለእጁ ምርኩዝ፥ ለዐይኑ መነጽር ይገኝለታል። አብልጦ የሚለየው ኀፍረት ነው። ለብዙዎች አስታራቂና መካሪ የነበረ ሰው በሰማንያ ዓመቱ እንደ ሕፃን «ይህ ምንድን ነው?» ብሎ መጠየቅ ይከብደዋል። ወጣቱም በመልሱ ላይ ትንሽ ሳቅ ቢጨምርበት ዳግመኛ አይጠይቅም። «የእኔ ዘመን አልፏል» ብሎ ይቀመጣል፤ እኛም ቃሉን እንደ ትሕትና ቈጥረን ዝም እንላለን። ብዙ ጊዜ ግን ያ ቃል የተሸፈነ ኀዘን ነው።

አባቶቻችን አዲስ መሣሪያ በገጠማቸው ጊዜ ምን አደረጉ? ታሪካቸው አንዳንዱ ያስጠነቅቀናል፤ አንዳንዱም ያበረታናል።

በ1882 ዓ.ም. ገደማ ራስ መኰንን ከኢጣሊያ ጉዟቸው ሲመለሱ ስልክ ይዘው እንደመጡ፥ ዳግማዊ ምኒልክም በቤተ መንግሥታቸው እንዳስተከሉት ይተረካል። ከሽቦ ውስጥ የሰው ድምፅ ሲወጣ የሰሙ አንዳንድ ካህናትና መኳንንት ነገሩን የሰይጣን ሥራ ነው ብለው እንዲጠፋ መምከራቸውም አብሮ ይነገራል። በእነዚያ አባቶች ላይ ለመፍረድ አንቸኩል። ሰውነት በሌለበት ድምፅ ሲሰማ መፍራት የሰው ልጅ ጠባይ ነው፤ የፈሩትም ለመንጋቸው አስበው ነበር። ዳሩ ግን ያን ጊዜ የተፈራው መሣሪያ ዛሬ የካህኑ ኪስ ውስጥ ነው፤ ታማሚ ሲያጣጥር ንስሓ አባቱ የሚጠራው በእርሱ ነው። ስለዚህ አንድን መሣሪያ ከማውገዝ በፊት ለማን እንደሚጠቅምና ማንን እንደሚጐዳ መመርመር እንዲገባን ከዚህ እንማራለን።

ከዚህ ሦስት መቶ ዓመት ከሚበልጥ ጊዜ በፊት ደግሞ የደብረ ሊባኖሱ መነኵሴ አባ ተስፋ ጽዮን በሮም ከተማ በነበረው የኢትዮጵያውያን ገዳም ተቀምጦ፥ በአውሮፓ አቈጣጠር በ1548 እና በ1549 ዓ.ም. የሐዲስ ኪዳንን መጽሐፍ በግእዝ አሳተመ። ብራና ፍቆ፥ ቀለም በጥብጦ፥ በመቃ ብዕር ሲጻፍ ያየ መነኵሴ በእርሳስ ፊደል ፊት ቆመ። አታሚዎቹ ግእዝ ማንበብ እንደማይችሉ፥ እርሱና ባልደረቦቹም የማተምን ሥራ እንደማያውቁ በዚያው መጽሐፍ ውስጥ ገልጾ ስለ ስሕተቱ ይቅርታ ይለምናል። አለማወቁን ለመሰወር አልሞከረም፤ አትሞ ለትውልድ አስተላለፈው እንጂ። አታሚው የእጁን ጥበብ፥ መነኵሴውም ንባቡን አዋጣ፤ አንዱ ያለ ሌላው መጽሐፉን ሊያወጣው አይችልም ነበር።

ሁለተኛው ምስክር በአውሮፓ ጸሐፊዎች ዘንድ አቡ ሩሚ ተብሎ የሚታወቀው የጎጃሙ ተወላጅ አብርሃም ነው። ይህ ሰው ብዙ አገር ዞሮ፥ ዕድሜው ከኀምሳ ካለፈ በኋላ ካይሮ ላይ በፈረንሳይ ቆንሲል ዘንድ ተቀምጦ፥ በአውሮፓ አቈጣጠር ከ1808 እስከ 1818 ዓ.ም. ድረስ መጽሐፍ ቅዱስን ወደ አማርኛ ተረጐመ። የእጅ ጽሑፉ 9,539 ገጽ ነበረ። ሥራው ካለቀ በኋላ ብዙ ሳይቆይ በዚያው በግብፅ ዐረፈ፤ ሙሉው መጽሐፍም በለንደን ታትሞ የወጣው በ1840 ዓ.ም. በአውሮፓ አቈጣጠር ነው። አብርሃም የማተሚያውን መኪና ሥራ አላየም። ነገር ግን መኪናው የሚያትመው ቃል ያገኘው ከዚያ ሽማግሌ ነው። መሣሪያ ያሰፋል፥ ያበዛል፥ ያደርሳል፤ የሚደርሰው ነገር ግን አስቀድሞ በሰው ልብ ውስጥ ሊኖር ይገባዋል።

ይህን አሁን የምትሰሙትን ቃል የሚያደርስላችሁ ራዲዮም እንዲሁ ነው። በአገራችን የራዲዮ ጣቢያ በአቃቂ ሥራ የጀመረው በ1928 ዓ.ም. ነው። ጕልበታቸው ደክሞ ወደ ቤተ ክርስቲያን መሄድ የተሳናቸው፥ ከአልጋ የማይነሡ ሽማግሎችና አሮጊቶች ዛሬ በዚህ መሣሪያ ስብከት ይሰማሉ። እንግዲህ መሣሪያ ሁሉ የሽማግሌ ጠላት ነው ማለት አይቻልም፤ አንዳንዱስ ከማንም ይልቅ ለሽማግሌ የተሠራ ይመስላል።

አሁን ወደ ሐዋሳና ወደ አካባቢዋ እንመለስ። ለዛሬው ጥያቄያችን ከሁሉ የሚቀርበው ታሪክ የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ነው። ዘመቻው የታወጀው በ1971 ዓ.ም. ሐምሌ ነው። የዘመኑ መንግሥት ለቤተ ክርስቲያን የመከራ መንግሥት ነበረ፤ ፓትርያርኩ ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ቴዎፍሎስ የተገደሉትም በዚያው በሐምሌ ወር ነው። ይህን ሳንረሳ፥ እውነት ስለሆነ የሚከተለውን እንናገራለን። ዘመቻው በ15 የአገራችን ቋንቋዎች ተካሄደ፤ ከእነዚህም አንዱ ሲዳምኛ ነበረ፥ ያን ጊዜም በግእዝ ፊደል ይጻፍ ነበር። በ1972 ዓ.ም. በአውሮፓም አቈጣጠር በ1980 ዓ.ም. ለዚህ ሥራ ዓለም አቀፍ ሽልማት በዩኔስኮ በኩል ተሰጠ።

በየዛፉ ጥላ፥ በየቀበሌው አዳራሽ፥ ጢማቸው የሸበተ አባቶችና ነጠላ ያጣፉ አያቶች ድንጋይና ግንድ ላይ ተቀምጠው በልጅ ልጆቻቸው ዕድሜ ካሉ ተማሪዎች ፊደል ቈጠሩ። በመሬት የጠነከረ እጅ እርሳስን እንደ ማረሻ ጨብጦ ስንት ወረቀት ቀደደ! ሆኖም እስከዚያ ቀን ድረስ በቀለም በተነከረ ጣታቸው ይፈርሙ የነበሩ ሰዎች ስማቸውን በእጃቸው ጻፉ። ለእነርሱ ያች ፊርማ ከምንም ሹመት ትበልጥ ነበር።

ይህ እንዴት ሊሆን ቻለ? በየመንደሩ ሁሉም አብረው ስለተቀመጡ ነው። አንድ ሽማግሌ ብቻውን ተማር ቢባል ያፍር ነበር፤ ጎረቤቱ፥ ባልንጀራው፥ የክርስትና አባቱ ከጎኑ ሲቀመጡ ግን ኀፍረቱ ተከፍሎ ቀለለ። ዛሬ ግን ሽማግሌውን ከስልኩ ጋር ብቻውን ትተነዋል። ስልክ ገዝተን ሰጠነው፤ አጠገቡ ግን አልተቀመጥንም።

ዘመንም ዞሮ ያንኑ ጣት ፈለገ። ዛሬ ፋይዳ የሚባለውን መታወቂያ ለማውጣት ሊቁም መሃይሙም እኩል ጣቱን ይሰጣል። በድንጋይ ወፍጮና በመጥረቢያ ብዛት አሻራዋ የተፋቀ እናት ጣት ግን ለመሣሪያው አንዳንድ ጊዜ አልነበብ ይላል። በዚህ ጊዜ ያች እናት ጥፋት እንደ ሠራች አንገቷን ትደፋለች። ወንድሞቼ፥ ያ የተፋቀ ጣት ያሳደገንና ያጎረሰን ነው። መሣሪያው ባያነበው እኛ ልናነበው ይገባናል።

ቅዱሳት መጻሕፍትን ብንመለከት ስለ ሽማግሌ ኀፍረት ግልጥ የሆነ ምሳሌ እናገኛለን። ኖኅ በስድስት መቶ ዓመቱ ማንም አይቶት የማያውቀውን መርከብ ሠርቶ ቤተ ሰቡን ያሻገረ አባት ነው። ያው አባት ከጥፋት ውኃ በኋላ ከወይኑ ጠጥቶ በድንኳኑ ውስጥ ዕርቃኑን በተኛ ጊዜ ልጁ ካም አይቶ ወጥቶ አወራ፤ እንደ አባቶች ትርጓሜም ሳቀበት። ሴምና ያፌት ግን ልብስ በትከሻቸው አድርገው፥ ፊታቸውን መልሰው፥ የኋሊት ሄደው አባታቸውን ሸፈኑት። ሁለቱም ወገኖች የአባታቸውን ድካም ዐውቀዋል፤ የለያቸው ፊታቸውን ያዞሩበት አቅጣጫ ነው። በረከትና ርግማንም በዚያች ቅጽበት ተለያዩ።

አንተ ወጣት ሆይ፥ አባትህ ስልኩን ገልብጦ ሲይዝ፥ እናትህ አንዱን ቁጥር ሦስት ጊዜ ስትሳሳት፥ የሴምን ልብስ በትከሻህ ላይ አድርግ። ስታስተምር አትሳቅ፤ አትቸኩልም። ከእጃቸው ነጥቀህ «ተዪው፥ እኔ አደርገዋለሁ» አትበል፤ ሥራው ይፈጸም ይሆናል፥ እርሳቸው ግን አልተማሩም። የገንዘባቸውን የምስጢር ቁጥር በሚጽፉበት ጊዜ ፊትህን መልስ። ስለማያውቁ የአባትንና የእናትን ገንዘብ በስልክ አሳብሮ የሚወስድ ልጅ ከካም የከፋ ነው፤ ካም ዕርቃንን አየ እንጂ ልብስን አልወሰደምና።

እናንተም አባቶችና እናቶች፥ የማታውቁት ሰው ደውሎ «ሽልማት ደርሶዎታል፤ የምስጢር ቁጥርዎን ይንገሩኝ» ቢላችሁ ስልኩን ዝጉ። ያች ቁጥር የቤታችሁ መዝጊያ ናት፤ ለመንገደኛ አትከፈትም። ከታመነ ልጅ ግን ለመጠየቅ አትፈሩ። በ1971 ዓ.ም. ለፊደል ያልፈራችሁ፥ ወይም አባቶቻችሁ ሳይፈሩ ያያችሁ፥ ዛሬ ለስልክ አትፈሩም።

ይህን ስንል ሽማግሌ ሁሉ አዲስ ነገር ሁሉን መያዝ አለበት ማለታችን አይደለም። ንጉሥ ዳዊት ከልጁ ከአቤሴሎም ሸሽቶ በነበረበት ጊዜ የመገበው ገለዓዳዊው ቤርዜሊ የሰማንያ ዓመት ሽማግሌ ነበረ። ንጉሡ በኢየሩሳሌም አብሮት እንዲኖር ሲለምነው ጣዕምንና ዜማን የመለየት ኀይሉ እንደ ደከመ ነግሮ፥ በአባቶቹ መቃብር አጠገብ መቅረትን መረጠ፤ በእርሱ ፈንታ ግን ኪማምን ላከ። ቤርዜሊ አዲሱን ኑሮ አልናቀም፥ በወጣቱም አልቀናም። የሚገባውን ይዞ የማይገባውን በሰላም ለሌላ ሰጠ። ይህም አንድ የሽምግልና ጥበብ ነው።

መሣሪያ ሊሰጠው የማይችለውን ደግሞ ሽማግሌ ይዞታል። ስልክ የዓመቱን አጽዋማትና በዓላት ቀን ያሳያል፤ ቀኑ ስለምን በዚያ እንደዋለ ግን ባሕረ ሐሳብን በጣቱ የሚቈጥር መምህር ያስረዳል። የሲዳማም ሽማግሎች የፍቼ ጫምባላላን ቀን ከዋክብትን ተመልክተው እንደሚወስኑ እናውቃለን። ጠብ ሲነሣም በዚያው ሕዝብ ዘንድ ሽማግሎች በአፊኒ ሥርዓት ይቀመጣሉ፤ አፊኒም «ሰማችሁን?» እንደማለት ነው። ፈጥኖ መናገርን የሚያስተምር መሣሪያ በበዛበት በዚህ ዘመን አስቀድሞ «ሰማችሁን?» የሚል ሽማግሌ እጅግ ያስፈልገናል።

እኛ ካህናትም ራሳችንን እንመርምር። የሰበካው ማስታወቂያ በስልክ ብቻ ሲተላለፍ፥ ስልክ የሌላቸው ሽማግሎች ሳይሰሙ ይቀራሉ። ራዲዮው ስብከትን ወደ አልጋቸው ያደርሳል፤ ሥጋውንና ደሙን ግን አያቀብልም፥ እጁንም በራሳቸው ላይ አይጭንም። ያን የሚያደርግ እግሩን አንሥቶ የሚሄድ ካህን ነው። ልጆችም እንዲሁ፤ በየእሑዱ በስልክ የእናታቸውን ፊት የሚያዩ፥ ዓመት ሙሉ ግን ደጃፏን የማይረግጡ አሉ። ድምፃችን ከቀረበ ወዲህ እግራችን እንዳይርቅ እንጠንቀቅ።

በመጨረሻም የካቲት 8 ቀን የምናስበውን ስምዖን አረጋዊን እናስታውስ። በቤተ ክርስቲያናችን ትውፊት ስምዖን መጻሕፍትን ከዕብራይስጥ ወደ ጽርእ ከተረጐሙት ሊቃውንት አንዱ ነበረ፤ ድንግል ትወልዳለች የሚለው የኢሳይያስ ትንቢት ቢያስቸግረው ያን ሳያይ እንደማይሞት ተነገረው። ዘመን አልፎ ዘመን ሲተካ ባልንጀሮቹ ሁሉ አለፉ፥ መንግሥታትም ተለዋወጡ፤ እርሱ ግን በመቅደስ ጠበቀ። ሕፃኑ በመጣ ጊዜ እጁን ዘረጋ፤ የሸመገለው ክንድ ከሁሉ አዲስ የሆነውን ታቀፈ። ስምዖን ሊታቀፈው የቻለው ግን ድንግል ማርያም ሕፃኑን በእጁ ላይ ስላኖረችለት ነው።

ስለዚህ፥ ምእመናን፥ ዛሬ ማታ ወደ ቤታችሁ ስትገቡ በዕድሜ ከሁሉ ከሚበልጠው ሰው አጠገብ ተቀመጡ። የማያውቀውን ሳትስቁ አሳዩት፤ የምታውቁት የሚመስላችሁንም ከእርሱ ጠይቁ። ያን ጊዜ በሐዋሳ በዛፍ ጥላ ሥር የተቀመጡት እናት የሚፈሩት ነገር አይኖርም።

እግዚአብሔር ሽማግሎቻችንን በጤና ይጠብቅልን፤ ለወጣቶቻችንም የሴምንና የያፌትን ልብ ይስጥልን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር፤ ወለወላዲቱ ድንግል፤ ወለመስቀሉ ክቡር። አሜን።